ቤቴ በብር፣ ሊፍቱ በዶላር

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮው ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ መልቀቁን ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «በቃ፣ ዘይት ሊጨምር ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቤቴ ነው።

አያት አካባቢ 78 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ5 ሚሊዮን 460 ሺህ ብር ተዋውዬ ነበር። 60 በመቶውን ከፍያለሁ። የገዛሁት ሀብታም ሆኜ አይደለም። ባንክ ለቁጠባ 7 በመቶ ወለድ ይሰጥ ነበር፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ 20 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ታዲያ ብር ያለው ሰው ሁሉ ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚቀልጥበት ወደ ብሎኬት ቢሮጥ ምን ይገርማል?

በዚያው ቀን የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር ወደ 74 ዘለለ። ነሐሴ ላይ 100ን አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ከሪል እስቴቱ ደብዳቤ መጣ፦ ቀሪው ክፍያ ላይ 40 በመቶ ጭማሪ። ማለትም 873 ሺህ 600 ብር። ጭንቅላቴ ዞረ።

ውሉን አውጥቼ አየሁት። «የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር ቀሪ ክፍያው ይስተካከላል» ይላል። በየትኛው ባንክ ተመን? እስከ ስንት? በየትኛው ዕቃ ላይ? ምንም የለም። ፊርማዬ ግን ከሥሩ አለ፣ ያውም አሳምሬ የፈረምኩት።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ባንክ ነው። የ1 ሚሊዮን ብር ብድር ጸድቆልኝ ነበር። የባንኩ ሠራተኛ ሻይ አዞልኝ «ወንድሜ፣ ብድሩ ጸድቋል፣ የሚለቀቅ ብር ግን የለም» አለኝ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፣ የእነሱ ደግሞ ሞልቷል። ዓላማው ንረቱን ማብረድ ነው። እኔም እንዲበርድ እፈልጋለሁ፣ በእኔ ብድር ባይሆን ኖሮ።

ያዳነኝ ሳይት መሐንዲስ የሆነው የአጎቴ ልጅ ነው። ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባው ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። «ሕንፃው ቆሟል አይደል? ፌሮው እኮ በድሮው ምንዛሪ ተገዝቶ ኮንክሪት ውስጥ ገብቷል። አሸዋውም ብሎኬቱም የእጅ ዋጋውም በዶላር አይገዛም። ገና ከውጭ የሚገባው ሊፍት፣ አልሙኒየም፣ ኬብልና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው» አለኝ። ደምሮ ከቀሪው ክፍያ 35 በመቶ ላይ ደረሰ።

ብቻዬን አልሄድኩም። የዚያው ሕንፃ 11 ገዢዎች በቴሌግራም ተገናኝተን፣ ወረቀቷን ይዘን አብረን ሪል እስቴቱ ቢሮ ገባን። ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አንደኛው ላይ ጩኸት ብቻ ነበር፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ጭማሪው ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የእኔ 305 ሺህ 760 ብር ሆነ። ከዚህ በኋላም የግዢ ደረሰኝ ሳይቀርብ ጭማሪ እንደሌለ በጽሑፍ ተፈራረምን። በቃል ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይረሱት ነበር።

ብሩን ከእቁብ ሸፈንኩ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ዱባይ ያለችው እህቴ ተመኑ ከመለቀቁ ሁለት ሳምንት በፊት 4 ሺህ ዶላር በባንክ ልካልኝ ነበር፣ ያውም እኔው «ቶሎ በይ» እያልኩ አጣድፌያት። 228 ሺህ ብር ሆኖ ደረሰኝ። ነሐሴ ላይ ብትልከው ከ400 ሺህ በላይ ነበር። እስካሁን ስልክ ስትደውል ከሰላምታ በፊት የምታነሳው እሱን ነው።

ዛሬ ብዋዋል ከካሬው ዋጋ በፊት የምጠይቀው ስንቱ ከውጭ እንደሚገባና የጭማሪው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ነው። ጣሪያ የማይጽፍ ሻጭ ከሆነ ሻዩን ጠጥቼ እወጣለሁ።

ቁልፉን ተረክቤያለሁ። ሊፍቱ ግን ገና አልመጣም። ቤቴ 7ኛ ፎቅ ነው።