ለማላውቀው ልጅ የምልከው ወተት

ልጄ ጠግባ ተኝታም ጡቴ ይሞላል። እያለብኩ ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጽፌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እዚህ አሜሪካ ትርፍ ወተታችንን ተቀብሎ ለሆስፒታሎች የሚያደርስ የእናት ጡት ወተት ባንክ አለ።

ዝም ብሎ አይቀበልም ታዲያ። መጀመሪያ ስለ ጤናዬና ስለምወስደው መድኃኒት ተጠየቅኩ፣ ከዚያ ደሜ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ተመረመረ። ወተቱ ደግሞ ከሌሎች እናቶች ወተት ጋር ተቀላቅሎ በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ጀርሙ ይሞታል፣ አብዛኛው ጥቅሙ ግን አብሮት ይቆያል።

ከ1,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ልጅ አንጀቱ ገና ነው። የዱቄት ወተት ሲሰጠው፣ አንጀትን የሚጎዳና አንዳንዴም የሚገድል ከባድ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ የለጋሽ ወተት ይህን ይቀንስለታል። የገዛ እናቱን ወተት የሚያክል የለም፣ እሱ እውነት ነው። ግን እሷ ታማ ከሆነስ? ወተቷ ገና ካልመጣስ? እንዲህ ያለ ልጅ መጀመሪያ ላይ በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የኔ አንዷ ከረጢት ስንት ጊዜ እንደምታበላው አስቡት!

ትርፍ ያላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ከመድፋታችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ወዳለው ባንክ ደውላችሁ ጠይቁ።