ታስረው የሚመጡ ታካሚዎች

ደሴ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የአእምሮ ህክምና ነርስ ሆኖ የሚሰራ ሰው ቶሎ የሚለምደው ነገር ቢኖር ገመድ ነው። ታካሚው እጁን የኋሊት ታስሮ፣ ግራና ቀኝ ጎረምሶች ይዘውት፣ እናቱ ከኋላ እያለቀሰች ከገጠር በሚኒባስ ይመጣል። ይህን ያየ ሁሉ ቤተሰቡን ይቆጣል። እኔ ግን መቆጣት አልችልም። ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ፣ ቤቱን ላቃጥል የሚል ልጅ ይዘው አምቡላንስ በሌለበት ቀበሌ ምን ያድርጉ? ጠበሉም ዱአውም ተሞክሯል። እኛ ጋ ያደረሳቸው ተስፋ አለመቁረጣቸው ነው።

ስለዚህ እናትየዋን «አብሽሪ እናቴ፣ ደርሰሻል» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ልጁ። አንድ ሰው ብቻ ያናግረዋል፣ ሌላው ፈንጠር ይላል፣ በሩን ማንም አይዘጋበትም። «ወንድሜ፣ ነርስ ነኝ። እጅህን አሞሃል አይደል?» ለእሱ ብቻ ስለሚሰማው ድምፅ ከመጠየቄ በፊት ስለ እጁ እጠይቀዋለሁ፤ የእጁ አንጓ አብጦ ጣቶቹ ደንዝዘው እያየሁ ሌላ ወሬ ምን ያደርግልኛል። ብዙዎቹ ለዚህ ጥያቄ ይመልሳሉ። ውሃ ይጠጣሉ። ገመዱም ቀስ ብሎ ይፈታል።

ስኳርና ትኩሳት ሳይለካ «አብዷል» ማለት ደግሞ አደጋ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰውም ይሳደባል፣ ይማታል። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከኮምቦልቻ በታች ካለው ቆላ ከመጣ ወባም አለ።

ሃሎፔሪዶል የሚባለውን ማረጋጊያ መርፌ ስንወጋ ለቤተሰቡ አስቀድመን መንገር አለብን። አንዳንዱ ታካሚ አንገቱ ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል። በፕሮሜታዚን መርፌ ይስተካከላል፣ ግን ያልተነገራት እናት «ልጄን ገደሉት» ብላ ይዛው ብትሄድ አይፈረድባትም፤ ሁለተኛም አትመለስም።

ድሮ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ዛሬ እዚሁ መታከም ይቻላል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመኪና አደጋ የደረሰበትና ድምፅ የሚሰማው ሰው በአንድ መጋረጃ ተለይተው ሲተኙ፣ የአንዱ ጩኸት ሌላውን ሲያስበረግገው፣ መርፌ የምንጨምረው ፀጥ ያለ ክፍል ስለሌለን ነው። በር ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው የምንለምነው።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችን ተፈናቅለን ተመልሰናል። ከጤና ተቋማቱ ስለተዘረፈው እቃ ብዙ ተወርቷል። ሌሊት እየባነንኩ ተቸገርኩ የሚለውን ታካሚ የምታክመዋ ነርስ ራሷ ስትባንን አድራ እንደመጣች ግን ማን ጠየቀ?

እኛ አሁን ከመካከላችን ሰው በታካሚ ከተመታ ፈረቃው ሳይበተን ሻይ አስመጥተን እንቀመጣለን። ማን ደነገጠ፣ ነገሩ የቱ ጋ ተበላሸ። ጥበቃዎቹንም እንጠራለን። ገና ከበሩ ታካሚውን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ስልጠና ሲመጣ ግን ስማቸውን የሚመዘግብ የለም።