የልጄ ላንቃ አጥንቱ መቼ ነው የሚገጥመው?

ልጄ ሲወለድ ከንፈሩም ድዱም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነበር፣ ከንፈሩ በ5 ወሩ ተሰፋ፣ ላንቃው ደግሞ በ11 ወሩ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ እናቴ በየቀኑ የቅልጥም መረቅ ታመጣለች፣ "አጠጪው የኔ ልጅ፣ አጥንቱ ቶሎ ይገጥምለታል" እያለች። እኔም የምጠብቀው እሱኑ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ማታ አባቱ ጭንቅላቱን ያዘልኝና በሞባይል ባትሪ አፉን አየሁት። መሃል ያለው ስፌት ደህና ነው፣ ግን ግራና ቀኝ ድዱ ጋ ነጣ ቢጫ ያለ ነገር ሸፍኖታል፣ ትንፋሹም ይሸታል። በቃ መግል ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ፣ ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ጣና ዳሩን ይዘን ወደ ሆስፒታል ከነፍን።

ለካ ኢንፌክሽን አይደለም። ላንቃ ሲዘጋ ሥጋውን ከጎንና ከጎን ከአጥንቱ ላይ ገልጠው ወደ መሃል ስበው ነው የሚሰፉት፣ ስለዚህ ጎንና ጎኑ ላይ አጥንቱ ሳይሸፈን ይቀራል፣ ያየሁት ነገር ቁስሉ ሲድን የሚሠራው ሽፋን ነው፣ በ2 ወይ በ3 ሳምንት አዲስ ሥጋ ይለብሳል። ይሄን ስንወጣ አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት፣ አሁንም ያናድደኛል።

አጥንቱስ? ስለው ሰርጀኑ "አጥንቱን አልገጠምነውም እኮ" አለኝ። ክው አልኩ። የተዘጋው በሥጋና በጡንቻ ነው፣ ከሥሩ የአጥንቱ ክፍተት እንዳለ ነው። ዋናው ደግሞ ከኋላ ያለው ጡንቻ ነው፣ ስንውጥና ስናወራ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው፣ እሱ ካልሠራ "ባ" ለማለት የተያዘው አየር በአፍንጫ ይወጣና "ማ" ይሆናል። አጥንት የሚያስፈልገው ድዱ ላይ ነው፣ እሱም አሁን አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ክራንቻው ሳይወጣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ይሞላለታል፣ ከዚያ ጥርሱ በዚያ አዲስ አጥንት ውስጥ አልፎ ይወጣል። አሁን የማይሆነው በሕፃንነቱ ብዙ ከተነካካ ጠባሳው የላይኛውን መንጋጋ እድገት ሊይዘው ስለሚችል ነው።

መረቁን አላቆምኩም፣ አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በኩባያ ጠርዝ፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሳላስገባ፣ ከላዩ ውሃ። ጣቱን እንዳይከት ክርኑን በካርቶን ጠቅልዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አቆየሁት፣ እሱ ነው የከበደኝ። እናቶች፣ ትኩሳት ወይም ደም ካያችሁ ወይ አልጠጣም ካለ ግን ሳታድሩ ውሰዱት።

ትናንት ሲስቅ አየሁ፣ ከድዱ ክፍተት አጠገብ አዲስ ጥርስ ብቅ ብሏል፣ ትንሽ ጠመም ያለ።