ግማሽ አምፑል አድሬናሊን

ጎጃም ውስጥ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ የአደይ አበባው ማር ደርሶ ቆረጣ ሲጀመር ድንገተኛ ክፍላችን ንብ የነደፈው ሰው አያጣም ነበር። አብዛኛው ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ ይመጣል። ቀዝቃዛ ጨርቅ እንይዝለታለን፣ ማስታገሻ እንሰጠዋለን፣ ቤቱ ይገባል። ያን ዕለት በቃሬዛ የመጣው ሰውዬ ግን ሌላ ነበር።

ፊቱ ላይ ጭቃ ተለጥፏል። ከአፉ ወተት ይፈሳል፤ መርዝ ያረክሳል ብለው አጠጥተውት ነው። ደረቱን ሽፍታ ወርሶታል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። የእጁን ትርታ ፈልጌ አጣሁት። ስንት ንብ ነደፈው ስል አባቱ ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ከንብ ጋር ያደገ ነው። ንብ እሱን ምን ታደርገዋለች? ሌላ በሽታ ፈልጊ» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ብዙ አናቢ ሲነደፍ ኖሮ ሰውነቱ መርዙን ይለምዳል። አንዳንዱ ግን ለዓመታት ምንም ሳይሆን ቆይቶ አለርጂ ያወጣል። ያኔ አንዲት ንብ ትበቃለች። የደም ሥር ይሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል።

ይህን የሚቀለብሰውን አድሬናሊን ልቀዳ አምፑሉን፣ ትንሿን የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ስሰብር የዕለቱ ተረኛ ኃላፊ ገባ።

«ሲስተር፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አድሬናሊን ልወጋው ነው።»

«ሃይድሮኮርቲዞን ስጪው እንጂ! ልቡን ልታቆሚው ነው?» ሃይድሮኮርቲዞን የአለርጂን እብጠት ቀስ ብሎ የሚያበርድ መድኃኒት ነው።

«ሃይድሮኮርቲዞን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል። ይሄ ሰው ያን ያህል አይቆይም።»

«ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ።»

ግማሽ ሚሊግራም፣ ማለትም የአምፑሉን ግማሽ፣ በሱሪው ላይ እንዳለ የጭኑ ጡንቻ ላይ በጎን በኩል ወጋሁት። አጃቢዎቹ «ቀና አድርጉት፣ አየር ያግኝ» ይላሉ። እኔ እንዳይነካ ከለከልኩ። ግፊቱ የወረደ ሰው ድንገት ከተነሳ ልቡ የሚረጨው ደም ያጣል፤ እንደተጋደመ እግሩን ከፍ አደረግንለት። ኦክስጅን ሰጠነው፣ በደም ሥሩ ሳላይን፣ የጨው ውሃ፣ ከፈትንለት። አምስት ደቂቃ ጠብቄ ግፊቱ አልነሳ ሲል ደገምኩለት። ከዚያ እጁ ሞቀ፣ ፉጨቱ ቀነሰ። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው «ቀፎው ተከደነ?» ብሎ ነው።

ጭቃውን ሳጥብ አንዷ መንደፊያ ከጆሮው ሥር እንደተሰካች አገኘኋት። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ተነቅሎ ይቀራል፤ ንቧ ከሄደች በኋላም ብቻውን እየተኮማተረ መርዙን ይገፋል። አብዛኛው መርዝ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይገባል። በጥፍር ይጫር በቢላ ጀርባ ለውጥ የለውም፤ ብቻ ቶሎ ይውጣ። ጭቃ እስኪቦካ ከተጠበቀማ አበቃ።

ሃይድሮኮርቲዞኑም በኋላ ተሰጠው። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል አሳደርነው።

በማግስቱ የጠዋት ሪፖርት ላይ ኃላፊው «በሃይድሮኮርቲዞን ተሻለው» ብሎ አነበበ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስሜ ስላልተነሳ አይደለም። አዲስ የተመደቡ ነርሶች ቁጭ ብለው ያለውን ሁሉ በማስታወሻቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ነገ ብቻቸውን ተረኛ ሆነው እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣባቸው የሚያስታውሱት ያንን ነው። እጄን አውጥቼ «አድሬናሊን ሁለት ጊዜ ተወግቷል፤ ሰዓቱ ካርዱ ላይ አለ» አልኩ። «እሱም ረድቶት ይሆናል» አለና ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ።

ሰውዬው ሲወጣ ከእንግዲህ ቀፎ አጠገብ እንዳይደርስ ነገርኩት። ራሱን የሚወጋበት መርፌ በእኛ አካባቢ አይገኝም።

«ታናሽ ወንድሙ ይቆርጣላ» አሉ አባባ።

«ይቁረጥ። ግን እሱም ተነድፎ ትንፋሽ ካጠረው ወይ ራሱን ካዞረው፣ ወተትም ጭቃም ሳትሉ ይዛችሁት ኑ። እኔ ባልኖር እንኳ፣ ማንም ይሁን ተረኛው፣ አድሬናሊን ይሰጠው በሉ።»

«አድሬ... ምን?»

በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ አስደገምኳቸው።