ቤቱ መታ፣ ሴትየዋ ጠፉ

ለመድረክ ዘፈን መጻፍ የጀመርኩት 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሜሪላንድ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። አስተማሪዬ አግኝቼው የማላውቅ ሰው ነው፤ በ2021 በ91 ዓመቱ ያረፈው የብሮድዌዩ (የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር ነው) የዜማና የግጥም ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም።

የሳበኝ ስኬቱ አይደለም። ገና 15 ዓመት ገደማ ልጅ እያለ ለትምህርት ቤቱ ሙዚቃዊ ተውኔት ይጽፍና ለቤተሰቡ ወዳጅ ለኦስካር ሃመርስታይን ይወስድለታል፤ እንደማያውቀው ሰው ቆጥሮ እንዲፈርድለት ይለምነዋል። ሃመርስታይን ያኔ በብሮድዌይ አንቱ የተባለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ መጥፎ ነገር አንብቤ አላውቅም አለው። ግን አላባረረውም። ከሰዓቱን ሙሉ አብሮት ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ ምኑ ላይ እንደተበላሸ አሳየው። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠው፦ አራት ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፍ። አንዱን ከምታደንቀው ተውኔት፣ ሁለተኛውን ከምትወደው ግን ጉድለት ካለበት፣ ሦስተኛውን ተውኔት ካልሆነ ታሪክ፣ አራተኛውን ከራስህ።

እኔ ጉረኛው ሦስቱን ዘልዬ በአራተኛው ጀመርኩ።

ታሪኩ የልጅ ልጃቸውን ሊጠብቁ ከጎንደር ስለመጡ እናት ነው። አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ይዘፍናሉ። በአማርኛ ቤት መምታት ደግሞ ርካሽ ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መጣች፣ ወጣች፣ አጣች እያልክ ሳታስበው ይመታልሃል። እኔ እሱም አልበቃኝ ብሎ መስመሩ መሐልም ቤት እየመታሁ፣ ሰምና ወርቅ ጨምሬበት፣ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አጨበጨቡልኝ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ተዋናይዋ (ከ60 በላይ ናቸው) ግማሽ ላይ አቆሙ። «የኔ ልጅ፣ እኚህ ሴትዮ እንዲህ መናገር የት ተማሩ?» አሉኝ። ደግሞም ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ መስመሮቼ ሳያልቁ እሳቸው ያልቃሉ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ግን ሶንድሃይምም እዚያው ጉድጓድ ገብቷል። በ1957 ዌስት ሳይድ ስቶሪ ለተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ግጥም ሲጽፍ ከፖርቶ ሪኮ ለመጣች ድሃ ልጅ የተቀመመ፣ መሐሉ ቤት የሚመታ መስመር ሰጣት፤ እድሜውን ሙሉ ሲያፍርበት ኖረ። በ1973 ግን ድምፅዋ ረጅም ኖታ ይዞ መቆየት ለማይችል ተዋናይት ሲጽፍ ስንኙን አሳጠረው፣ አብዛኛውንም ጥያቄ አደረገው፤ ጥያቄ ሲያልቅ ድምፅ ቢቆረጥ ማን ይታዘባል? በዓለም ከታወቁት ዘፈኖቹ አንዱ ያ ነው።

ሰምና ወርቁን አንጀቴ እያረረ አወጣሁት። የቀረው ጥያቄ ብቻ ነው። ምጣዱ የት አለ? ልጁ ለምን በአማርኛ አይመልስልኝም? ሦስት ቦታ ላይ ቤት አይመታም፣ ተውኩት።

ያቀረብነው አንድ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሴትየዋ መድረኩን ቀስ ብለው ዞረው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ «ጨው የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው ዘፈኑ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ጮክ ብለው «ከላይ ነው፣ ከምድጃው በላይ!» አሏቸው።