አፍንጫዬ ከዳኝ

ታላቅ እህቴ ሦስት ቀን ልታድር መጣች። ሻንጣዋን ገና ሳታስቀምጥ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና አየሩን ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገች።

"አንተ ልጅ፣ ቤትህ ይሸታል።"

ክው አልኩ። ጠዋት ወለሉን ወልውያለሁ። ሽንት ቤቱን በበረኪና ፈትጌያለሁ። ልትደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀራት ደግሞ የአበባ ጠረን ያለውን ስፕሬይ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ነፍቻለሁ።

"ምን ምን ይሸታል?" አልኳት።

"አበባ የገባበት የፍሳሽ ጉድጓድ።"

እህቴ ስትናገር እንዲህ ናት። ባለቤቴን ለምስክርነት ጠራኋት። እሷም አሸተተችና "እኔ ምንም አይሸተኝም" አለች። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! ሁለታችንም ቀን ከሌት የምንምገው ያንኑ አየር ነው።

በኋላ ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። የአፍንጫ ሥራ የዘበኛ ሥራ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ይጮሃል። ያው ነገር ሳይለወጥ ከቆየ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደውና ዝም ይላል። ስለዚህ የቤቱን ሽታ ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ከውጭ ስመለስ በሩን ከፍቼ የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ቀስ ብዬ እስባለሁ። እውነት የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ላይ አፍንጫዬ ለቤቱ ማድላት ይጀምራል።

ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የቆሻሻ ቅርጫቱ ነበር። አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ሽታው እዚያው ነው። ቀጥሎ ፍሪጁ ተያዘ። ውስጡን አራግፌ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አበስኩት። ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ደግሞ ከጀርባው፣ ከሞተሩ በላይ፣ አንዲት የፕላስቲክ ትሪ አየሁ። የቀለጠው በረዶ ውሃ እሷ ላይ ይጠራቀምና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ፍሪጁን ከገዛሁ ጀምሮ መኖሯን አላውቅም ነበር። ውስጧ የነበረውን ነገር አልገልጸውም፤ እራት ያልበላችሁ ትኖራላችሁ። ትሪዋ መታጠቧ ደግ ነው፤ የኮሪደሩ ሽታ ግን ንቅንቅ አላለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ያገኘችው እህቴ ናት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ማንም የማይታጠብባት ትንሽ ሻወር ቤት አለችን። ባዶ ካርቶን፣ የተሰበረ ቬንትሌተርና የልጄ የድሮ ብስክሌት የሚታጎሩባት ናት። እህቴ ካርቶኖቹን አነሳሳች። ተንበረከከች። ፊቷን ወደ ወለሉ ፍሳሽ መውረጃ አስጠግታ ወዲያው ቀና አለች።

"ና አሽትት።"

አሸተትኩ። የበሰበሰ እንቁላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የእቃ ማጠቢያ፣ እያንዳንዱ በውሃ የሚሠራ ሽንት ቤት፣ እያንዳንዱ የሻወር መውረጃ ከሥሩ ጎበጥ ያለ መንገድ አለው። ቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን ይሉታል። እዚያ ጉብጠት ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። እኔ የቀለበት መያዣ ይመስለኝ ነበር፤ ባለቤቴ ቀለበቷን የጣለች ጊዜ ያገኘነው እዚያ ስለሆነ። ለካ ያቺ ውሃ በር ናት። እኛ የምንለቀውን ፍሳሽ ታሳልፋለች፣ ከታች የሚመጣውን አየር ትመልሳለች። ለሽንት ቤት ይህን ጉብጠት አስቦ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈጠራ መብት ያወጣው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ሰው ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሙያው ሰዓት ሠሪነት። አንድ ጭብጥ ውሃ ያለ ማጠፊያና ያለ ቁልፍ በር አድርጎ ማቆም ለሰዓት ሠሪ የሚገባ ሐሳብ ነው።

ችግሩ በሩ መትነኑ ነው። ለሳምንታት አዲስ ውሃ ካልወረደበት ይደርቃል። ከዚያ የቆሻሻው መስመር አየር ዘው ብሎ ይገባል። የእንቁላሉ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ አየር በማያገኝ ቆሻሻ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት። በደረቀው ቱቦ ሽታ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ትልልቆቹ ቀያይ በረሮዎችም መንገዱን ያውቁታል።

አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ጉርጉር እያለ ዋጠና ጸጥ አለ። መስኮት ከፈትን። እራት ላይ እህቴ አየሩን ማገች፣ ምንም አልተናገረችም። እህቴ ምንም ካልተናገረች ምስጋና ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። በማግስቱ ግን "ጉድጓዱን አንዴ በደንብ ልጠበው" ብዬ በረኪና ጨመርኩበት። ይጠንክር ብዬ ደግሞ በላዩ አቼቶ ለቀቅኩበት። አረፋ ተነሳ። ቀጥሎ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እያሳልኩ በደረቴ በሩን ገፍቼ ወጣሁ። በረኪና እንደ አቼቶ ካለ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን በጦር ሜዳ ሰው ሲፈጅ የኖረ ጋዝ ነው። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ሁለቱ ለየብቻቸው የሚያጸዱ ከሆነ ሲደባለቁ እጥፍ ያጸዳሉ የሚለው ሒሳብ የኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በረኪና ከውሃ በቀር ጓደኛ የለውም።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ እህቴ ውሃ ልትጠጣ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ መብራቱን ስታበራ ሰማሁ። ለጥቂት ሰከንድ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ "ና፣ እንግዶችህን ሸኝ!"

እውነቱን ልናገር። በረሮ እንዳለን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሊት ስነፋ ነው የኖርኩት። አርብ ማታ እነፋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥር አሥራ አምስት የተገለበጠ ሬሳ እጠርጋለሁ። ጀግና ነኝ እላለሁ። በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ከወጥ ቤት አልፈው መኝታ ቤት። ለካ የምበትናቸው እኔው ነኝ። ፍሊቱ ፊት ለፊት ያገኘውን ይገድላል። ስንጥቅ ውስጥ ያለው ግን ሽሽት ወደ ሌላ ክፍል ይሰደዳል።

የኛዎቹ ትንንሾቹ ናቸው። ቡናማ፣ ከጭንቅላታቸው ጀርባ ሁለት ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ርዝመታቸው 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የጀርመን በረሮ ይባላሉ። ጀርመኖች ግን የሉበትም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1767 የለጠፈባቸው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘር ጥናት ደግሞ መነሻቸው ደቡብ እስያ መሆኑን፣ ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ዘመዳቸው መለየታቸውን አሳይቷል። ዛሬ ዱር ውስጥ የሚኖር አንድም የለም። ከሰው ጋር ነው ኑሯቸው፤ እኛ ባንኖር አይኖሩም።

እናቲቱ እንቁላሎቿን በአንዲት ትንሽ ከረጢት አድርጋ ከኋላዋ ተሸክማ ትዞራለች። ሊፈለፈሉ እስኪቃረቡ አትጥላትም። በአንዷ ከረጢት ውስጥ ከ30 እስከ 40 እንቁላል አለ። እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ሬሳ ጠርጌ ስኩራራ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ከነከረጢቷ የተረፈችው አንዲት እናት ኪሳራውን በእጥፍ ትመልሰው ነበር።

ከየት መጡ? እኔ የምጠረጥረው ያገለገለውን ማይክሮዌቭ ነው። ገዝተነው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው የመጀመሪያዋን ያየሁት። የማይክሮዌቭ ሆድ ይሞቃል፣ ይጨልማል፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። ለነሱ ሆቴል በሉት። አሁን ያገለገለ እቃ ከገባ መጀመሪያ በረንዳ ላይ በባትሪ ይፈተሻል። ባለቤቴ ጉምሩክ ትለኛለች።

እህቴ ልትሄድ ስትል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "የሚጠጡት ምንድነው?" ስለሚበሉት ነበር የማስበው፤ ፍርፋሪ ስጠርግ ነው የኖርኩት። እነዚህ በረሮዎች ግን ያለ ምግብ አንድ ወር ገደማ ይቆያሉ፤ ያለ ውሃ ሁለት ሳምንትም አይሞሉ። የኛ የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ምንጭ ከፍቼላቸው ነበር ማለት ነው። ጎማውን ቀየርኩ። ማታ ማታ ሲንኩን በጨርቅ አደርቃለሁ፤ እርጥቡን ስፖንጅም እዚያ አላሳድርም።

ከዚያ ፍሊቱን ጥዬ መርዝ ያለበት የበረሮ ማጥመጃ ጄል ገዛሁ። በሲሪንጅ የሚመጣው ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠብታ እያንጠባጠብኩ በካቢኔቱ ማጠፊያዎች፣ ከሲንኩ ሥር ቱቦው ግድግዳ በሚገባበት፣ ከፍሪጁ ሞተር አጠገብ አስቀመጥኩ። ልጅ እጅ በማይደርስበት ነው ሁሉም። ዘዴው ቀስ ብሎ መግደሉ ነው። የበላው ወደ ጎሬው ይመለሳል፣ እዚያ ይሞታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ኩሱንም ሬሳውንም ስለሚበሉ መርዙን ይካፈሉታል። ከጥቂት ቀን በኋላ በጠራራ ፀሐይ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ መውጣት ጀመሩ። ባለቤቴ "ባሰባቸው እኮ!" አለች። በዚህ ጊዜ ፍሊት የማንሳት ፈተና አለ። ፍሊት ከነፋችሁ ጄሉን አይነኩትም፤ ሥራችሁ ገደል ገባ።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ግሉኮስ የሚጸየፉ የጀርመን በረሮዎች መኖራቸውን ጻፉ። በጊዜው ማጥመጃዎቹ የሚጣፍጡት በግሉኮስ ነበር። ጣፋጩን የወደደ ሁሉ በልቶ ሞተ። ግሉኮስ መራራ ሆኖ የሚሰማቸው ጥቂቶች ተረፉና ተባዙ። ስለዚህ ጄሉ ሳይነካ ከቀረ ሰነፍ አትበሏቸው፤ ዓይነቱን ቀይሩ።

ካቢኔቱ ውስጥ የቆየ ዘይት የመሰለ ሽታ ነበር። የእንጨቱ ይመስለኝ ነበር። የነሱ ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የመሰለው ጥቁር ነጠብጣብ ኩሳቸው ነው፤ ጠረኑ ሌሎቹን "እዚህ ነን፣ ኑ" ብሎ ይጠራል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ሽታው ያን ቀን ጠፋ፤ በረሮዎቹ በወር ከምናምን።

አይጧ የቀደመው ዓመት ታሪክ ናት፤ ሽታ ካነሳን አይቀር ትነሳ። መርዝ የሸጠልኝ ሰው "አይዞህ፣ ውሃ ይጠማትና ውጭ ወጥታ ነው የምትሞተው" ብሎኝ ነበር። አልወጣችም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት ቦታ ሞተች። ለሁለት ሳምንት ያህል ክፍሉን ለቀን ሳሎን አደርን። እንዲህ ያለው ግማት በስፕሬይ አይሸፈንም፤ ሞክሬዋለሁ። አሁን መርዝ የለም፤ በስፕሪንግ የሚዘጋው የእንጨት ወጥመድ ነው። ቢያንስ ሬሳው የት እንዳለ ይታወቃል። ቀዳዳውም ተደፍኗል። የእርሳስ ውፍረት የሚያክል፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ ይበቃታል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አጭቄ በላዩ ሲሊኮን ለጠፍኩበት። ጨርቅና ስፖንጅ ትቦረቡረዋለች፤ ሽቦው ጥርሷን ይይዘዋል። ኩሷን ግን በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በበረኪና ውሃ አርጥቡት፣ ጓንት አድርጉ፣ በወረቀት አንሱት። አቼቶ አትጨምሩ!

የሻወር ቤቷ ካርቶኖች ተጥለዋል። ብስክሌቱ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ አንድ ጆግ ውሃ ይዛ ትገባለች፤ "ጉድጓዱን ላጠጣው" ነው የምትለው። ባለፈው ሳምንት ጆጉን እንደያዘች ቆም ብላ "ብንረሳስ?" አለችኝ።

"አክስትሽ ትመጣለች" አልኳት።

ጆጉን ሁለተኛ ሞልታ መጣች።