በረንዳውም የሥራ ቦታ ነው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ባርና ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ግን ድሮ ሌሊት ቤቴ ስገባ ሻሼም ጸጉሬም ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር። ጠዋት ትራሴ ራሱ ይሸታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ በሥራ ቦታና ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112 ለብዙ ሰው አጫሽን ለመቅጣት የወጣ ይመስለዋል። እኔ ለእኛ የወጣ ነው እላለሁ። እንግዳው አንድ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ይሄዳል፤ እኛ ጭሱ ውስጥ እናመሻለን። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 በመጠጥ ቤት ጭምር ማጨስ ስትከለክል፣ የማያጨሱ የባር ሠራተኞች ምራቅ ከክልከላው በፊትና በኋላ ተመርምሮ ነበር። የሲጋራ ጭስ መሳባቸውን የሚያሳየው ኮቲኒን በ80 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

እኛ ጋ ጭንቁ "ያጥፉት" የሚለው ማነው ነው። አዋጁ ኃላፊነቱን የጣለው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው፤ በተግባር ግን አስተናጋጇ ላይ ይወድቃል። አንድ የክረምት ማታ አንድ ትልቅ ሰው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ለኮሱ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ውስጥ አይቻልም።"

"ዝናቡን እያየሽ የት ልሂድ ልጄ? ዛሬን ብቻ እለፊኝ።"

ዞር ብዬ የያኔውን አለቃዬን ባየው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ጠርሙስ እሱም አይቶታል። የእኔ ደሞዝ ደግሞ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም፤ የምኖረው በቲፕ ነው። እንግዳ ከተቀየመ ቲፑ ቀረ። ይህን ለአስተናጋጅ መተው ግፍ ነው።

አሁን ያለው አለቃችን መተርኮሻውን ሁሉ ሰብስቦ ዕቃ ቤት ከተተው። ሰው ሲለኩስም ራሱ ሄዶ ያናግራል። ደንበኛ ይሸሻል ብለን ሰግተን ነበር፤ ቅዳሜ ማታ አሁንም ወንበር አይገኝም። እንዲያውም ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ በዝተዋል።

አጫሹ ግን በረንዳ ወጣ። በረንዳውንም የምናስተናግደው እኛው ነን! በሩ ስለማይዘጋ ጭሱ ተመልሶ ይገባል። አዋጁ እኮ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ራቁ ነው የሚለው፤ የእኛ በረንዳ ከበሩ ሥር ነው። ነፍሰ ጡር ባልደረባችን ተራዋ ሲደርስ በአንድ እጇ ትሪ፣ በሌላው አፍንጫዋን ይዛ ትወጣለች። ስንችል ተራዋን እንይዝላታለን። በጓሮ በኩል ግቢው ሰፊ ነው፤ ከበሩ ራቅ አድርጎ ቆርቆሮ ጣል ቢደረግበት አጫሹም ከዝናብ ይጠለላል። ለአለቃችን ነግሬዋለሁ። "ክረምት ሳይገባ እናየዋለን" ብሎኛል።